ቤት ስትቀይሩ ምን ይለካ፣ ምን ይገዛ፣ ምን ይታሸግ

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ወደ ሌላው መግባት በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭነቱ አይደለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ዕቃው ሁሉ ገብቶ ሲያበቃ የበሩ ቁልፍ ኮፒ በቀድሞው ተከራይ እጅ እንዳለ ይታወሳል፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ካቻቢቴው ደግሞ ከ20 ካርቶን በአንዱ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ ሥራውን ከማሸግ አትጀምሩ። መጀመሪያ አዲሱን ቤት ለኩ፣ ፈትሹ። ከዚያ የጎደለውን መሣሪያ ግዙ። ካርቶን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አዲሱን ቤት መፈተሽ፦ ከ2 ሳምንት በፊት

ስትሄዱ ባለ 5 ሜትር መለኪያ፣ ቴስተር (መብራት መኖሩን የሚያሳይ መሣሪያ)፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሶፍት ወረቀትና ማስታወሻ ያዙ። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ በቀን ብርሃን ይሁን።

ከበሩ ጀምሩ። የሚለካው የግድግዳው ክፍተት ሳይሆን በሩ ተከፍቶ እያለ በበሩና በተቃራኒው መቃን መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሶፋ የሚቀረው ግን በዚያችው ልዩነት ነው። ቀጥሎ የደረጃውን ስፋትና ደረጃው የሚታጠፍበትን ማረፊያ ለኩ። ሊፍት በሌላቸው ባለ 4 ፎቅ ብሎኮች ዕቃ የሚያልፈው ወይም የሚቀረው ማረፊያው ላይ ነው። ሶፋ በአንድ ጎኑ ቆሞ ስለሚገባ ርዝመቱ ብዙም አያስጨንቅም። ከጀርባው እስከ ፊቱ ያለው ጥልቀት ወይም እግሩ ተፈትቶ ያለው ቁመት፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ ከበሩ ክፍተት ማነስ አለበት። ሁለቱም ከበለጡ በገመድ በረንዳ ላይ ከመጎተት በፊት የሶፋው እጅ የሚፈታ መሆኑን ከሥር ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ በ4 ብሎን የተያዙ ናቸው።

ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ቀኑን ከጎረቤት ጠይቃችሁ በመጣበት ቀን ሂዱ፤ ውሃ በሌለበት ቀን የታየ ቧንቧ አልታየም ማለት ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ሶፍት አስጠጉ። ዓይን ያላየውን እርጥበት ወረቀት ያሳያል። በመጨረሻ ሁሉንም ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በዝምታ ወደ ሽንት ቤቱ የሚወርደው የፍላሹ ውሃ ነው።

መብራቱን ሶኬት በሶኬት በቻርጀር ሞክሩ። ከሁሉ በላይ ግን የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱና በእያንዳንዱ ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጻፉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ተራ የሶኬት መስመር 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ነው ያለው። ምጣዱ እዚያ ላይ ሲሰካ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ ስፒናው ይቀልጣል። ለምጣድ ራሱን የቻለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ በ25 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል። «ብሬከሩን በ32 ቀይረው፣ አይወርድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ብሬከሩ የሚወርደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳይነድ ነው። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ሲተልቅ የሚነደው ሽቦው ነው፤ ያውም በማይታይበት ቦታ። መስመሩ ከሌለ ከአከራዩ ጋር የምትነጋገሩት አሁን ነው፤ ከገባችሁ በኋላ ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር ይረዝማል።

ከመውጣታችሁ በፊት የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የጎደለ እጀታ በስልክ አንሱና ለአከራዩ ላኩ። የመጨረሻውን የተከፈለ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ጠይቁ። ቆጣሪው ባለ ካርድ ከሆነ ካርዱን ተረከቡ፤ ያለ ካርዱ መሙላት አይቻልም። ውሉን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ምዝገባውን ከዕቃው ግርግር ጋር እንዳትረሱት ቀኑን ስልካችሁ ላይ ሙሉት።

መሣሪያ ግዢ፦ ከ10 ቀን በፊት

ባለ 100 ዕቃ የፕላስቲክ ሻንጣ አትግዙ። ዋጋው ያማልላል፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን ለስላሳ ነው። ካቻቢቴው በሁለተኛው ብሎን ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ የብሎኑን ራስ ይዞ ይበላሻል። በዚያው ገንዘብ 7 ወይም 8 ጥሩ ዕቃ ነጠላ በነጠላ ይገዛል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ግን ጠንካራ መዶሻ፣ ፒንሳና ቺያቬ ታገኛላችሁ፤ አሮጌ ብረት ብዙ ጊዜ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ ብሬከር፣ ሶኬትና ማከፋፈያ አዲሱን፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ።

ለአንድ ቤት የሚበቃው ይህ ነው፦

ካቻቢቴ 2 ባለ መስቀል (መካከለኛና ትንሽ) እና 1 ጠፍጣፋ። እጀታው ላይ ወይም ብረቱ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» (Cr-V) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ሱቁ ውስጥ ካለ ብሎን ላይ አስገብታችሁ ነቅንቁት። ጫፉ ብሎኑ ውስጥ የሚዋልል ከሆነ ተዉት።

ፒንሳ አንድ። መንጋጋውን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ በመካከል ብርሃን ካለፈ ቀጭን ሽቦ አይዝም፣ አይቆርጥምም።

ባለ ግማሽ ኪሎ መዶሻ። ራሱን ይዛችሁ እጀታውን አወዛውዙ፤ ትንሽም ቢንቀሳቀስ አንድ ቀን ተነቅሎ ሰው ይመታል።

የሚጠብና የሚሰፋ ቺያቬ፣ አፉ እስከ 30 ሚሊ የሚከፈት፤ ለቧንቧውም ለአልጋውም ይሠራል። ቴስተር፣ ናስትሮ (የሽቦ መጠቅለያ)፣ 2 ጥቅል ቴፍሎን (የቧንቧ ጥርስ መጠቅለያ)፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ መቁረጫ ምላጭ፣ የእጅ ባትሪ።

ድሪል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዓመት ሦስት ጊዜ ለምትበሱት ቀዳዳ ከጎረቤት መዋስ ወይም ባለሙያ መጥራት ይበቃል። ከገዛችሁ ግን ከ550 እስከ 750 ዋት፣ ባለ 13 ሚሊ አፍ፣ እንደ መዶሻ እየመታም ሳይመታም የሚበሳ፣ ሁለት ምርጫ ያለው ይሁን። ሱቁ ውስጥ አስነሱት፦ ያለ ጭነት ሲሽከረከር ፑንታው (መብሻው ብረት) ጫፍ ላይ እየተወዛወዘ ክብ ከሠራ አፉ ጠማማ ነው፤ የሚበሳው ቀዳዳ ከፊሸሩ (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ ከሚይዘው ፕላስቲክ) ይሰፋል። የኮንክሪት ፑንታ 6 እና 8 ሚሊ፣ ፊሸርም በዚያው ልክ 20፣ 20 ፍሬ ያዙ። ለ6 ፊሸር 4 ሚሊ፣ ለ8 ፊሸር 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ብሎን ነው የሚሄደው።

ማከፋፈያ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። ቀላል ከሆነ ውስጡ ያለው መዳብ ቀጭን ነው። ገመዱ ላይ 3 በ1.5 (3 ሽቦ፣ እያንዳንዱ 1.5 ካሬ ሚሊ) የሚል ጽሑፍ ይኑርበት፤ 0.75 የሚለው ለቴሌቪዥንና ለቻርጀር እንጂ ለውሃ ማፍያ አይሆንም። ምጣድ ደግሞ በምንም ዓይነት ማከፋፈያ ላይ አይሰካም።

ለቧንቧው በፍተሻው ቀን ያያችሁትን ብቻ ግዙ፦ የሚንጠባጠብ ፍሌክሲብል (ውሃውን ከግድግዳው ወደ ቧንቧው የሚያደርስ ተጣጣፊ ቱቦ) ካለ ርዝመቱን ለኩና ባለ ግማሽ ኢንች አምጡ፤ አንግል ቫልቩ (ግድግዳው ላይ ያለው መዝጊያ) ሲዘጋ ውሃውን ጨርሶ የማያቆም ከሆነ እሱንም ጨምሩ። ፍሌክሲብል ሲገጠም ጫፉ ውስጥ ያለው ጎማ ነው ውሃውን የሚይዘው፤ እዚያ ቴፍሎን አያስፈልግም። በእጅ እስኪቆም አጥብቁ፣ ከዚያ በቺያቬ ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ ካለፈ ጎማው ይቆረጥና ሲፈስ፣ «አልጠበቀም» ተብሎ እንደገና ይጠብቃል፣ የባሰ ይፈስሳል። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ብረት ከብረት ጋር በሚገጥምበት ጥርስ ላይ ነው፦ የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙሩና ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ከ8 እስከ 12 ዙር፣ ወጠር አድርጋችሁ። በተቃራኒው ከተጠቀለለ ስትገጥሙት ይተረተራል።

የበሩን ሲሊንደር መቀየር

ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ፣ ሠራተኛው፣ ደላላው፣ የቁልፉ ኮፒ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። አከራዩን አስፈቅዱና ዕቃ ከመግባቱ በፊት ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ የሚሰካበትን የበሩን ክፍል፣ ቀይሩት። ባለሙያ አያስፈልገውም፤ 15 ደቂቃ ነው።

1. በሩን ክፈቱና በሥራው ሁሉ ክፍት ይቆይ። በበሩ ውፍረት ላይ፣ ከቁልፉ ምላስ በታች፣ በቁልፍ ቀዳዳው ትይዩ አንድ ብሎን አለ። በባለ መስቀል ካቻቢቴ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ረጅም ስለሆነ ቶሎ አልወጣም ብላችሁ አትተዉት።

2. ቁልፉን ሰክታችሁ በጥቂቱ አዙሩት። ቁልፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም በሲሊንደሩ መካከል ያለችው ትንሽ ጥርስ ወደ ጎን ወጥታ ትይዘዋለች። ትንሽ ዞር ሲል ጥርሷ ከሲሊንደሩ አካል ጋር ትስተካከላለች። ያን ጊዜ ቁልፉን እንደ እጀታ ይዛችሁ ሳቡት፣ ይወጣል። እምቢ ካለ ግራና ቀኝ በጣም በቀስታ እያንቀሳቀሳችሁ ሳቡ። በመዶሻ መምታት አያስፈልግም፤ ከተመታ ውስጡ ያለው ሳጥን ይጣመማል።

3. ከብሎኑ ቀዳዳ መካከል እስከ ሁለቱ ጫፎች ለኩ። 30 እና 30፣ ወይም 30 እና 40 ሊሆን ይችላል። አጠቃላይ ርዝመቱን ብቻ ይዞ ሱቅ የሄደ ሰው 35 እና 35 ይዞ ይመለሳል፤ ርዝመቱ 70 ሆኖ አይገጥምም። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው፤ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ካለ ብቻ።

4. አዲሱን ቁልፉ እንደተሰካ አስገቡ፣ ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ አጥብቁ። በውጭ በኩል ከበሩ ሽፋን ከ2 ወይም 3 ሚሊ በላይ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ሊሰበር ስለሚችል አጭሩን ፈልጉ።

5. በሩ ክፍት እያለ 10 ጊዜ ቆልፋችሁ ክፈቱ፣ በውስጥም በውጭም። ከዚህ በኋላ ብቻ ዝጉት።

ማሸግ

ለባለ አንድ መኝታ ቤት ከ20 እስከ 25 ካርቶን፣ ለልብስና ለአልጋ ልብስ 6 ማዳበሪያ፣ 4 ጥቅል ሰፊ ስኮች፣ 30 ሜትር ገመድና አሮጌ ጋዜጣ ያስፈልጋል። ካርቶኑን ከሰፈር ሱፐርማርኬት ጠይቁ። የዘይትና የውሃ ካርቶን ጠንካራ ነው። የሳሙናው ሽታ ይተዋልና ለእህል አትጠቀሙበት። የካርቶኑ ሥር በሁለት መስመር ስኮች ይታሸግ፤ በአንድ መስመር የታሸገ ካርቶን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚተረተረው። መጽሐፍ በትንንሽ ካርቶን፣ ከ15 ኪሎ አይብለጥ።

ሰሃን አይነባበርም፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በጠርዙ ይቆማል። ተኝቶ የተነባበረ ሰሃን የላዩ ክብደት ሁሉ በታችኛው ላይ ያርፋል። ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ እንዳሉ አትውሰዱ። ጀበናው የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ላይ ነው፤ አንገቱን በፎጣ ሞልታችሁ እስኪወፍር ጠቅልሉና ልብስ መሃል አስቀምጡት። ሞሰቡ ባዶ አይሂድ፤ ፎጣና መጋረጃ ይሙላበት፣ ላዩ ላይ ግን ምንም አይጫን።

ምጣዱን ከማንም ዕቃ ለዩት። ሸክላው ከሥሩ እኩል ካልተደገፈ በአንድ ጉድጓድ ንዝረት ይሰነጠቃል። ክዳኑን በስኮች አስሩ፣ በሸክላውና በክዳኑ መካከል የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ፣ ገመዱን ጠቅልላችሁ ከጎኑ ለጥፉ፣ መኪናው ላይ አግድም እንደተኛ ፍራሽ ላይ ይቀመጥ።

ቁምሳጥኑ ቺፑድ ከሆነ ካልተገደዳችሁ አትፍቱት። ቺፑድ ብሎን አንዴ ከወጣበት በኋላ እንደ ድሮው አይዝም። መፈታት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ሲገጠም በላላው ቀዳዳ ውስጥ በእንጨት ኮላ የተነከረ የክብሪት እንጨት 2 ወይም 3 ፍሬ አስገቡና ኮላው ሲደርቅ ብሎኑን መልሱ። የአልጋውና የቁምሳጥኑ ብሎኖች በየራሳቸው ፌስታል ገብተው በራሱ ዕቃ ላይ ይለጠፉ፤ «አንድ ላይ እናስቀምጣቸው» የተባለ ብሎን ማታ ሲለይ ያመሻል።

ፍሪጁን ከአንድ ቀን በፊት ከሶኬት ንቀሉ፣ በረዶው ቀልጦ ይድረቅ። የልብስ ማጠቢያው መጀመሪያ ሲመጣ ከጀርባው የነበሩ ረጃጅም ብሎኖች ካሉ መልሳችሁ ግጠሟቸው፤ ከበሮውን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

መሣሪያዎቹ፣ አምፖል፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ የጥፍር መቁረጫ ሳይቀር፣ ቡናና ስኳር፣ የመድኃኒት ቦርሳ፣ ውሉና የቆጣሪው ካርድ ወደ አንድ ቦርሳ ይግቡ። ይህ ቦርሳ መኪናው ላይ አይጫንም፤ በእጅ ይያዛል።

የጭነቱ ቀን

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ጥሩ ነው፤ መንገዱም ደረጃውም ነጻ ነው። በሥራ ቀን ከሆነ የጭነት መኪና በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ስለሚከለከልበት መንገድ ሾፌሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ሸራ ያለው አይሱዙ እንዲሆን አስረግጣችሁ ተነጋገሩ፤ «ይገኛል» የሚለውን ሳይሆን ሸራውን ራሱን እዩ። ፍራሽ አንዴ ከበሰበሰ በክረምት አይደርቅም።

ጫኝና አውራጆችን ከዋዜማው አግኟቸው። ከባድ ዕቃዎቹን ቁጠሩላቸው፣ ፎቁን ንገሯቸው፣ ዋጋው ለሙሉ ሥራው እንጂ በየዕቃው እንዳይሆን ተስማሙ፣ የተሰበረ ዕቃ የማን ኃላፊነት እንደሆነም። ይህ በመኪናው ደጃፍ ላይ፣ ሾፌሩ «ሰዓቴ ሄደ» እያለ ከተጀመረ የሚሸነፈው ባለ ዕቃው ነው። ክፍያ የመጨረሻው ካርቶን ከገባ በኋላ።

አጫጫኑ፦ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ከሾፌሩ ቤት ጀርባ ቆመው፣ ቁምሳጥን በጎን፣ ካርቶን በመካከል፣ ፍራሽ በክፍተቱ። ቴሌቪዥን ተኝቶ አይጫንም፤ በሁለት ፍራሽ መካከል ቆሞ ይሂድ። የቡታጋዙ ቫልቭ ይዘጋ፣ ሲሊንደሩ ቆሞ ይታሰር።

ሲገባ አልጋው መጀመሪያ ይገጠም። ደክሟችሁ ምሽቱ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ቢቀር መኝታ አለ።

ከገባችሁ በኋላ

ፍሪጁን ወዲያው አትሰኩት። ቆሞ የመጣ ከሆነ 4 ሰዓት ያህል ይረፍ፤ ተኝቶ ከመጣ አንድ ሙሉ ቀን። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ስለሚሄድ ሳይመለስ ከተነሳ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይሠራል።

ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት አንኳኩ። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ኮለኑና ቢሙ (የኮንክሪቱ ምሰሶና አግዳሚ) ብቻ ነው። ብሎኬት ላይ ድሪሉ በማይመታበት ምርጫ ይሁን፤ ከመታ ቀጭኑ የብሎኬት ቅርፊት ከውስጥ ይፈረከሳል፣ ፊሸሩም በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ይሽከረከራል። ከመስኮት በላይ ያለው ቢም ግን ኮንክሪት ስለሆነ የሚመታውን ምርጫ ይፈልጋል፤ የመጋረጃ ብረት የሚታሰረው እዚያ ነው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ ባለው መስመር አትብሱ፤ ሽቦው የሚወርደው በዚያ ነው። ሠራተኛ እስኪመጣ የቴሌቪዥን ማንጠልጠያ ብሎኬት ላይ አትሞክሩ፤ ኮለን ከሌለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

የቀየራችሁት ፍሌክሲብል ሥር ለሦስት ቀን ሶፍት ወይም ካርቶን አስቀምጡ። ፈረቃ ውሃ ሌሊት ሲመጣ ግፊቱ ይጨምራልና ቀን ያልፈሰሰው በዚያን ጊዜ ሊፈስ ይችላል።

ምጣዱን በመጨረሻ። ሸክላውን በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ደብዛዛ ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ደህና ከሆነ ለ5 ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉ፣ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና ለ10 ደቂቃ፤ በመንገዱ የሳበው እርጥበት ቀስ ብሎ ይውጣ። ከዚያ በተቀጠቀጠ ጎመን ዘር አሟሹት፣ በንጹሕ ጨርቅም ወልውሉት። የመጀመሪያውን እንጀራ ስትጋግሩ ስፒናውን ከ15 ደቂቃ በኋላ በእጅ ዳስሱት። ለብ ካለ ይሁን። እጅ ካላስቆመ ሶኬቱ ወይም መስመሩ አይችለውም፤ ያኔ አጥፍታችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።